ሃያ ስድስት ጠማማ ኮከቦች

ልጆቹ ቲቸር ሙጫ ይሏታል። ጣቶቿ ላይ ሙጫ ያልደረቀበት ቀን ስለሌለ ነው። ስሙ ከልጆቹ ወደ ወላጆቻቸው፣ ከወላጆቹ ደግሞ በር ላይ ወደሚቆሙት ዘበኛ ተሻገረ፤ በስድስተኛ የሥራ ዓመቷ እውነተኛ ስሟን የሚያስታውሰው የቅጥር ደብዳቤዋ ብቻ ነበር።

የምታስተምረው የአምስት ዓመት ልጆችን ነው። ሃያ ስድስት ናቸው፤ አምናም፣ በአራት ዓመታቸው፣ ያስተማረቻቸው እሷ ናት። ክፍላቸው ምድር ቤት ነው፤ የትልቅ ሰው ጉልበት የማይደርሱ ወንበሮች፣ ልጅ እጁ እስከሚደርስበት ድረስ ብቻ የቆሸሸ ግድግዳ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ቢያጠብቁት ቢያጠብቁት ማንጠባጠቡን የማይተው ቧንቧ አለው። ቁጡ ሰው አይደለችም። ልጅ ቀለም ሲደፋባት «ደግነቱ ቀሚሱ አርጅቷል» ብላ የምታልፍ ናት። በዚያ ዓርብ የሆነውን የሰሙ ሰዎች «እሷ ናት? እርግጠኛ ናችሁ?» ብለው የጠየቁት ለዚህ ነው።

ነገሩ የጀመረው ገና ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ዳይሬክተሯ ከላይኛው ፎቅ ቢሮዋ አንድ ወረቀት ይዛ ወረደች። ከኢንተርኔት ያተመችው ነው። ከላዩ «ለልጆች ፈጣንና ቀላል የገና የእጅ ሥራዎች» ይላል። ባለ አምስት ጫፍ የወረቀት ኮከብ፣ ከሶፍት ጥቅል ካርቶን የሚሠራ መልአክ፣ የጥጥ በረዶ ሰው፤ ከእያንዳንዱ ሥር «አሥራ አምስት ደቂቃ» ተብሎ ተጽፏል። ሥዕሉ ላይ ያለችው ልጅ እጇ ንጹሕ ነው። ያን ጊዜ ነበር መጠርጠር።

ዳይሬክተሯ ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቅ፣ ቀጠን ያለች፣ ሁልጊዜ የተተኮሰ ልብስ የምትለብስ ሴት ናት። አስተማሪዎቹ በሌለችበት «ፎቶ» ነው የሚሏት። ልጅ ወድቆ ጉልበቱ ቢላጥ እንኳ መጀመሪያ ስልኳን ነው የምታነሣው ይባላል። ለቲቸር ሙጫ የነገረቻት እንዲህ ነው፦ ከበዓሉ በፊት ባለው ዓርብ ወላጆች መጥተው የልጆቻቸውን ሥራ ያያሉ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ልጅ ማስመዝገብ የሚፈልጉ ቤተሰቦችም ተጋብዘዋል። ስለዚህ የሚያምር ነገር ይሁን።

ቲቸር ሙጫ ጊዜ አላጠፋችም። የሶፍት ካርቶን ከጎረቤት ለመነች፣ ቁልፍ ከሠፈሩ ልብስ ሰፊ፣ ወፍራም ወረቀት ደግሞ ከማተሚያ ቤት ቁርጥራጭ አመጣች። ጎረቤቷ ካርቶኖቹን ስትሰጣት ትምህርት ቤት ነው ወይስ መጸዳጃ ቤት የምትሠሪው ብላ ስቃባታለች።

አሥራ አምስት ደቂቃው ያለቀው ልጆቹን ወንበር ላይ በማስቀመጥ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጥጡ ከበረዶው ሰው ይልቅ ቅንድብ ላይ በዛ። አንዱ ሙጫውን ልሶ ጨው ይጎድለዋል አለ። አንዷ መልአኳ ላይ ሦስት ዓይን ሣለች፤ ሦስተኛው ከኋላ ነው፣ የሚመጣባትን እንድታይ። የአንዱ በረዶ ሰው አልቆም ቢል፣ ቢደክመው ነው የተኛው ብሎ በሶፍት ሸፈነው። ፈጣንና ቀላል የተባለው ሥራ አራት ቀን ፈጀ። እነዚያን አራት ቀናት ግን ክፍሉ ውስጥ የተጣላ አልነበረም፤ ማን እንደሆነ የማይታወቅ አንድ ልጅ ሁልጊዜ ያንጎራጉር ነበር።

ከሁሉም የቆየችው ጥንቸሌ የምትባለው ልጅ ናት። ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው፣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌሩ። ከተወለደች ጀምሮ የቀኝ እጇ ጣቶች አይዘረጉም። ሌላው ልጅ በሁለት እጁ የሚይዘውን እሷ በፊት ጥርሶቿ ነክሳ ይዛ በግራዋ ትሠራለች። ኮከብ ለማጠፍ ደግሞ ሁለት እጅ ያስፈልጋል። ቲቸር ሙጫ ወረቀቱን ልትይዝላት እጇን ስትሰድ ልጅቷ ጥርሷን ሳታላቅቅ «አትንኪው» አለቻት። ሦስት ቀን ሙሉ ስታጥፍ፣ ስትፈታ፣ እንደገና ስታጥፍ ቆየች። ሲያልቅ ኮከቡ አንዱ ጫፍ ከሌሎቹ ረዘመ፤ ሌላው ጫፍ በጥርስ ተበልቷል። የተበላው ላይ ቀይ ቁልፍ ለጠፈችበት።

ከዚያ በኋላ ላገኘችው ሁሉ የምትናገረው አንድ ነገር ነው፤ ዓርብ አባዬ ይመጣል። እናቷ ናት የምታመላልሳት፤ አባቷ ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶ ሲመሽ ስለሚገባ የትምህርት ቤቱን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ለዚያ ዓርብ ግን ከባልደረባው ጋር ተራ ተቀያይሯል።

ሐሙስ ከሰዓት ቲቸር ሙጫ ሃያ ስድስቱን ኮከብ በገመድ ላይ ደረደረች። መላእክቱንና በረዶ ሰዎቹን መስኮቱ ሥር አቆመች፣ የተኛውንም እንደተኛ አስቀመጠችው። ራቅ ብላ አየቻቸው። አንዱም ቀጥ ያለ የለም። በሩን ቆልፋ ሄደች።

ዓርብ ጠዋት በሩን ስትከፍት የተሳሳተ ክፍል የገባች መሰላት። ገመዱ የለም። በምትኩ ከጣሪያው ላይ ሃያ ስድስት የወርቅ ቀለም ኮከቦች በነጭ ክር ተንጠልጥለዋል፤ አንዱ ከአንዱ አይለይም። መስኮቱ ሥር እኩል ቁመት ያላቸው መላእክት ቆመዋል። ከእያንዳንዱ ሥር በኮምፒውተር የተጻፈ የልጅ ስም አለ። ክፍሉ የሚረጭ ቀለም ይሸታል።

ወደ ውጭ ወጣች። በር ላይ ያሉት ሽማግሌ ዘበኛ የነገሯት ሐሙስ እሷ እንደሄደች ዲኮር ሠሪዎች መምጣታቸውን ነው። ሦስት ጥቁር ላስቲክ አውጣ ተብለው አውጥተዋል፤ ውስጡን አላዩም። የቆሻሻ መኪናው ማለዳ ጭኖት ሄዷል።

«ምነው ልጄ፣ የሚፈለግ ነገር ነበረበት?» አሏት።

 ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች። ዳይሬክተሯ ቢሮዋ ውስጥ የእንግዶች ውሃ እየደረደረች ነበር። ቲቸር ሙጫ ልጆቹ አራት ቀን የለፉበትን ማን ጣለው ብላ ጠየቀች። ዳይሬክተሯ ቁጭ በይ አለቻት። አልተቀመጠችም። ዳይሬክተሯም በለሆሳስ አስረዳቻት፦ የልጆቹ ሥራ ደስ ይላል፣ ግን ለእንግዳ አይሆንም። ልጁን ሊያስመዘግብ የመጣ ሰው የተበላ ወረቀት ቢያይ ምን ይላል? ልጆች እንደሆኑ ይረሳሉ፤ የሚቀረው ፎቶው ነው።

«እርስዎ ስማቸውን ጽፈውበታል እኮ» አለች ቲቸር ሙጫ። «በስማቸው ነው የዋሹት።»

ዳይሬክተሯ የውሃውን ጠርሙስ አስቀመጠች። «አምና አንቺ ምን አደረግሽ?» አለች። «ልጆቹ ከሄዱ በኋላ መቀስ ይዘሽ፣ የእያንዳንዱን ሥራ ጫፍ ስታስተካክዪ በመስኮት አይቼሻለሁ። እኔም ያደረግሁት አንቺ ያደረግሽውን ነው፤ በደንብ ሠራሁት እንጂ።»

 እውነት ነው። አምና ከልጆቹ በኋላ ቁጭ ብላ የወረቀት የገና ዛፎቻቸውን በመቀስ ከርክማለች፣ የሣሉባቸውን ፊት በብዕር አድሳለች። ያኔ ነገሩ እርዳታ መስሏት ነበር። ቆሽቷ አረረ፤ በዳይሬክተሯ ይሁን በራሷ መለየት ግን አልቻለችም። ከታች የልጆች ድምፅ ተሰማ። ወረደች።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት እስከ ዛሬ ያንገበግባታል፤ ምክንያቱም ዝም አለች። ምናልባት አያስተውሉም ብላ ራሷን ደለለች። ልጆቹ ግን ገና ከበሩ አስተዋሉ። ባለ ሦስት ዓይን መልአክ የሠራችው ልጅ የመላእክቱን ጀርባ አንድ በአንድ እያዞረች አየች። በረዶ ሰውን በሶፍት የሸፈነው ልጅ የተኛው ነቃ እንዴ ብሎ ጠየቀ። ጥንቸሌ ስሟ የተጻፈበት ሥር ቆማ አንጋጣ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች፣ ከዚያ ወደ ቲቸሯ ዞረች። ቲቸሯ ጠረጴዛ የምታጸዳ መሰለች። ጠረጴዛው ንጹሕ ነበር።

በአራት ሰዓት ወላጆች ገቡ። ክፍሉ ሽቶና አዲስ ጫማ ሞላው። ስልኮች ወጡ። እናቶቹ እንዴት ያምራል፣ በዚህ ዕድሜያቸው፣ እያሉ ይደነቃሉ። ዳይሬክተሯ በመካከላቸው እየተንሸራተተች፣ ሁሉም የልጆቹ የራሳቸው እጅ ውጤት መሆኑን ለአዳዲሶቹ ቤተሰቦች ታስረዳለች።

የጥንቸሌ አባት መጨረሻ ላይ ደረሰ። የሥራ ሸሚዙን ለብሷል፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶታል። ግዙፍ ሰው ነው፤ በትንንሾቹ ወንበሮች መካከል የት እንደሚረግጥ ጨንቆት እግሩን እያነሣ መጣ። የልጁን ስም አነበበ፣ ቀና ብሎ የወርቁን ኮከብ አየ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ይህን በዚያች እጇ ሠርታዋለች ማለት ነው።

«ጥንቸሌ» አላት፣ «ይህን አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«የኔ አይደለም» አለች።

ሳቀ። እንዴት አይደለም፣ ስምሽ ተጽፎ የለ አላት። ልጅቷ ደገመችለት፤ የሷ ወረቀት ነው፣ ቀይ ቁልፍ አለው፣ ይሄ የማንም አይደለም። ዙሪያውን የነበሩ ሰዎች መዞር ጀመሩ። ዳይሬክተሯ መጥታ በርከክ አለችና ዓይን አፋር ናት፣ ሲያመሰግኗት ታፍራለች ብላ ለአባትየው በፈገግታ ነገረችው። አባትየውም አፈረ፤ ያፈረው ግን በልጁ ነው። ሰው ፊት ዳይሬክተሯን ውሸታም የምታስብል ልጅ ያለችው መሰለው።

ጥንቸሌ ወንበር ላይ ወጣች። በግራ እጇ የወርቁን ኮከብ ከነክሩ በጠሰችና ወለሉ ላይ ወረወረችው።  አባትየው ትከሻዋን ይዞ ከወንበሩ አወረዳት።

«እኔ ያሳደግኩሽ ለውሸት ነው?» አላት። «ውሸታም ሆንሽብኝ?»

ልጅቷ አላለቀሰችም። ፊቷ ቀላ፣ ጥርሷን ነከሰች፣ አባቷን ሽቅብ አየችው። አምስት ዓመት ሙሉ በዚያ ጥርስ ያልቻለችው ነገር አልነበረም፤ ይህን ግን ልትይዘው አልቻለችም።

ያን ጊዜ ቲቸር ሙጫ ብው አለች። በኋላ እንደተናገረችው እግሯ ሲራመድ አልታወቃትም። ሰውየው እጁን ከልጅቷ ላይ እንዲያነሣ ያደረገችው በቃል ሳይሆን አንጓውን ይዛ ነው።

«ልጅቷ አልዋሸችም» አለች። «የዋሸነው እኛ ነን። ይህ ሁሉ የተገዛ ነው። ልጆቻችሁ የሠሩት ዛሬ ጠዋት በቆሻሻ መኪና ሄዷል። አንዱም አልቀረም።»

ቀጠለች። ያ ሁሉ ዓመት የዋጠችው ቁጣ አሁን ቃል በቃል ወጣ። ባለ ሦስት ዓይኗን መልአክ ነገረቻቸው፣ የተኛውን በረዶ ሰው ነገረቻቸው። ይህች ልጅ ሦስት ቀን በጥርሷ ያጠፈችውን ኮከብ በላስቲክ ከቶ የጣለው ሰው ልጅ ይወዳል እንዳትሉ አለቻቸው። ከዚያ ደግሞ አምና የሠራችውን አወጣች፤ የልጆቻችሁን ዛፍ በመቀስ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ፣ ቤታችሁ የሰቀላችሁት ግማሹ የኔ እጅ ነው።

ዳይሬክተሯ መምህርታችን በሥራ ብዛት ደክማለች ብላ ልታበርደው ሞከረች። አንድ አባት የልጁን ኮከብ አውርዶ ጀርባውን ገለበጠ፤ የፋብሪካ ቁጥር አገኘበት። ኮከቡን ለዳይሬክተሯ አስታቀፋት። ከኋላ ደግሞ በስልኳ ቪዲዮ ስትቀርጽ የነበረች እናት «እና ምን ይጠበስ? ያምራል እኮ» አለች።

ቲቸር ሙጫን ከሁሉም በላይ ያንጨረጨራት ይሄ ነው። ዳይሬክተሯ ብቻዋን አልነበረችም። ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት ግማሾቹ ራሳቸውን በመስማማት ነቀነቁ።

የጥንቸሌ አባት ግን ሌላውን አልሰማም። የሷ የት አለ ብሎ ጠየቀ፣ ቲቸር ሙጫም እንደሄደ ደግማ ነገረችው። ሰውየው እዚያው ወለሉ ላይ ተንበረከከ፤ ተንበርክኮም ከልጁ ይበልጣል።

«ውሸታም ብዬሻለሁ» አላት። «የዋሸሽ አንቺ አልነበርሽም። ይቅር በይኝ።»

«አልልህም» አለች ጥንቸሌ።

«እስከ መቼ?»

«አላውቅም።»

አንድ ሁለት ሰው ሊስቅ ከጀለ፤ አባትየው ግን አልሳቀም። እሺ አላት፣ እንደ ትልቅ ሰው። ቦርሳዋን ይዞላት ወደ በሩ ሲሄዱ ልጅቷ ቲቸሯ ፊት ቆም አለች።

«ጠዋት አውቀሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ቲቸር ሙጫ መልስ ፈለገች፤ ሥራዬን ፈራሁ፣ አፈርኩ፣ አታስተውሉም ብዬ ነው። ሁሉም በአንድ የአምስት ዓመት ልጅ ፊት የሚነገር አልሆነም። ልጅቷ ትንሽ ጠብቃት መልስ ስታጣ ሄደች።

ሰኞ ዕለት ዳይሬክተሯ አስጠራቻት። ድምጿ እንደ ወትሮው ነው። የጻፈችውን ደብዳቤ ገፋ አደረገችላት፤ የልጆቹ ሥራ በስሕተት እንደተጣለና መምህርቷም ስሜታዊ በመሆኗ ይቅርታ እንደምትጠይቅ ይላል። ከፈረመች ነገሩ እዚሁ ያበቃል፣ ሥራዋም ሥራዋ ነው። ቲቸር ሙጫ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ስሕተት የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ዓርብ ዕለት የተሰማት ሁሉ ተመልሶ መጣ። በስሕተት ስም ዝርዝር በኮምፒውተር አይጻፍም አለች። ወረቀቱን ሳትፈርም መልሳ ገፋችው፣ ወርዳ መቀሶቿን ከመሳቢያው ሰበሰበች። ሽማግሌው ዘበኛ በሩን ሲከፍቱላት ያን ላስቲክ ባየው ኖሮ ልጄ፣ አሏት።

ከወላጆቹ ስምንቱ ደውለው አመሰገኗት። አንዲት እናት ደግሞ ደውላ ወቀሰቻት፤ ልጄ ደስ ብሎት ነበር፣ በዓሉን ያበላሸሽበት አንቺ ነሽ፣ አንዳንድ ነገር ሆድ ይፍጀው ተብሎ ይታለፋል አለቻት። ቲቸር ሙጫ ልትመልስላት አፏን ከፈተች፣ ግን ሴትየዋ ስልኩን ዘግታለች። ልጃቸውን ከዚያ ያስወጡት አራት ቤተሰቦች ናቸው። ለሚቀጥለው ዓመት ምዝገባው ከመቼውም በላይ መሙላቱን ኋላ ላይ ከቀድሞ ባልደረባዋ ሰማች። ሲነገራት ብርጭቆ እያጠበች ነበር፤ አጥባ ጨረሰችና እንደገና አጠበችው።

አውቶቡስ ሹፌሩ ከዚያ ዓርብ በኋላ በአራተኛው ቀን ደወለ። ያን ጠዋት ዕረፍቱ ስለነበር የጫማዋን ክር ሲያስርላት ጥንቸሌ ከላይ ሆና «ይበቃሃል» እንዳለችው ነገራት። ድምፁ የሚያስቅ ደስታ ነበረበት። ስለ እኔስ ምን አለች ብላ ልትጠይቀው ፈልጋ ፈራች። እሱ ራሱ፣ ሳይጠየቅ፣ ስለ ቲቸር ሳነሣባት ዝም ትላለች አለ፣ አይዞዎት ልጅ ናት ብሎም ጨመረ። ቲቸር ሙጫ ልጅ ስለሆነች አይደለም፣ ትክክል ናት አለችው።

ሁለት ወር ሥራ ፈታ ቆየችና በሌላኛው የከተማው ጫፍ አንድ አነስተኛ ትምህርት ቤት ቀጠራት። ገና ከመጀመሪያው ቀን ለርዕሰ መምህሩ አንድ ነገር አስታወቀች፤ ከልጅ እጅ የወጣን ነገር እሷም አትነካ፣ ማንም አይነካ። ሰውየው ግራ ተጋብቶ፣ ማን ሊነካው ነው አላት። ማብራራት አልፈለገችም።

በዚያው ዓመት ክረምት ላይ ደብተርና ቀለም ልትገዛ የገባችበት ጽሕፈት መሣሪያ ቤት ውስጥ ዳይሬክተሯን አገኘቻት። ዳይሬክተሯ በፈገግታ እጇን ዘረጋችላት፣ ጠፋሽ፣ እንዴት ነሽ አለቻት፤ በመካከላቸው አንዳች ነገር እንዳልነበረ። ቲቸር ሙጫ የተዘረጋውን እጅ አየችው። ልትጨብጠው ትችል ነበር፤ ያለፈው አልፏል የሚሉ ሰዎች በዝተውባት ነበር።

«እስካሁን?» አለች ዳይሬክተሯ፣ እጇን ቀስ ብላ እየመለሰች።

«እስካሁን» አለች ቲቸር ሙጫ። የገዛችውን ተቀብላ ወጣች።